የሲጋር ሳጥን ጊታር ሠርቼ አገር ቤት «ደኸየ» ተባልኩ

ባለፈው ሰሞን የሠራሁትን ጊታር ፎቶ ለጠፍኩ። ባለ ሦስት ክር ነው። ሆዱ የሲጋር፣ የዚያ ወፍራም ጥቅል ትንባሆ፣ ሳጥን፣ አንገቱ ከእንጨት መሸጫ የተገዛ ጣውላ። ደስ ብሎኝ ነው የለጠፍኩት። በማግሥቱ ስልኬን ስከፍት ደብረ ብርሃን ያለው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ተንጫጭቷል። አንዱ «ወንድሜ፣ ከሥራ ወጣህ እንዴ?» ይላል። አብሮ አደጌ ደግሞ «ጊታር እዚያ ስንት ነው? ካቃተህ እኛ እናዋጣልህ» ብሎ የሳቅ ምልክት ደርድሮበታል። እማዬ ከመሐል ሜዳ ደውላ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ልጄ፣ ትንባሆ ጀመረ አሉኝ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማን እንዳነበበላት እስካሁን አልነገረችኝም። እኔ ግን የምጠረጥረው ሰው አለ፣ ራሱን ያውቃል።

እንግዲህ አላጨስም። ሥራም አለኝ፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። ርካሽ ጊታር ልግዛ ብል የጥቂት ቀን ደሞዝ ይበቃኛል። ታዲያ ለምን ሳጥን ትቀጠቅጣለህ ለምትሉኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ከብት ጠብቆ ላደገ ሰው የቆርቆሮ ክራር ምን እንደሆነ አይነገረውም። የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበር፣ ከሳይክል ፍሬን ካቦ የተፈታ ሽቦ። ጓሳው ሜዳ ላይ ብርዱ ጣት እየቆረጠ ስንመታው እንውል ነበር። የኔን አባቴ በእግሩ ረግጦ ጨፈለቀው። «ከኔ ዘር አዝማሪ ሊወጣ?» አለ። መንዝ ዘር እንዴት እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ። ታላቅ እህቴ ስትዳር ግን ማሲንቆ መቺ ተጠራ። ያው አባቴ፣ አባቱና አያቱ በግጥም ሲወደሱ ጊዜ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣና የብር ኖት አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም፤ እኔም አልሳቅኩም፣ አሁን ነው የምስቀው።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ሥራ ቦታ ከአንድ ጡረታ ሊወጣ ከተቃረበ ፈረንጅ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁ። እሱና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበው ከሲጋር ሳጥን ጊታር ይሠራሉ። ና እስቲ አለኝ፣ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሙሉ የእንጨት ሥራ ማኅበር ያደራጃል፤ መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሰርሰሪያው፣ ማለስለሻ ማሽኑ። ይሄ ሁሉ ተገዝቶ የሚሠራው ምንድን ነው? የድሃ ጊታር። ይባስ ብሎ አንዱ አዲሱን ጣውላ በሰንሰለት እየደበደበ ያስረጀዋል። አሮጌ እንዲመስል! እኛ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ዕድሜያችንን ስንፈጅ።

የድሃ ጊታር ያልኩት ለቀልድ አይደለም፣ ታሪኩ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1860ዎቹ፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ አካባቢ፣ መንግሥታቸው ሲጋር ለቀረጥ ቁጥጥር እንዲመች በሳጥን ታሽጎ እንዲሸጥ አዘዘ። ሳጥኑ አንዴ ባዶ ከሆነ በኋላ ሲጋር ዳግመኛ እንዲገባበት አይፈቀድም፤ ቀረጥ ማጭበርበር ነውና። ሽማግሌው አንድ ያረጀ ሳጥን ገልብጦ ማስጠንቀቂያው ታትሞበት አሳየኝ። ፊደሉ ደብዝዟል፣ የቀረጡ ወረቀት ቅዳጅ ጥግ ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል። እንግዲህ አስቡት፣ አገሩ በሙሉ ቀጭንና ጠንካራ ባዶ ሳጥን ሞልቶታል፣ መልሶ ሲጋር መሙላት ደግሞ ክልክል ነው። መሣሪያ መግዛት ያልቻለው፣ ደቡብ ያለው ጥቁሩም ነጩም ድሃ ገበሬ፣ የመጥረጊያ እንጨት ሰካበትና ሽቦ ወጠረ። ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ታላላቆች ከሚባሉት ላይትኒን ሆፕኪንስ በልጅነቱ የጀመረው በሲጋር ሳጥን ነው። የሮክ ሙዚቃው ካርል ፐርኪንስም እንዲሁ፤ አባቱ ከሲጋር ሳጥንና ከመጥረጊያ እንጨት ሠራለት። ሠራለት ነው የምላችሁ፣ አልረገጠበትም።

አሁን ቆሽቴ ወዳረረበት ልግባ።

ሳጥኑ ከየት ይገኛል ስላቸው «ሲጋር መሸጫ ገብተህ ባዶ ሳጥን ጠይቅ፣ አንዳንዱ በነጻ ይሰጥሃል፣ አንዳንዱ በትንሽ ዶላር» አሉኝ። ለነሱ ቀላል ነው። እኔ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣሁ፣ ያቺን የምታንጸባርቅ የሥራ ሰደርያ ሳላወልቅ፣ ጫማዬ አቧራ እንደጠጣ ገባሁ። ውስጡ የቆዳ ወንበር፣ ደብዛዛ መብራት፣ ቀስ ብሎ የሚወራበት ቤት። ሻጩ ከባንኮው ኋላ ሆኖ ከላይ እስከ ታች አየኝና ገና አፌን ሳልከፍት «ሽንት ቤቱ ለደንበኛ ብቻ ነው» አለኝ።

ሽንት ቤቱ!

ተቆጥቶ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ በትሕትና ነው ያለኝ። በማስተማር ዲግሪ ይዤ፣ ስንት ልጅ ፊት ቆሜ «ቲቸር» ተብዬ ያስተማርኩ ሰው፣ ሽንት ቤት ፍለጋ የገባ መሰልኩት። «ሽንት ቤት አልፈለግሁም፣ ባዶ ሳጥን ነው» አልኩት። «ለምንህ?» አለ። «ጊታር ልሠራበት» ስል ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዞር አሉ። አንገቱን ነቅንቆ ከባንኮው ሥር አንድ ጥጉ የተቀደደ የካርቶን ሳጥን አውጥቶ ሰጠኝና «እግዚአብሔር ይባርክህ» አለኝ። እኛ አገር የሚመርቀው ተቀባዩ ነው። እዚህ ሰጪው መርቆ ያሰናብትሃል።

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ካርቶኑን አየሁት። ለጊታር የማይሆን መሆኑ ነው ደግሞ ያናደደኝ፤ ወረቀት እንጂ እንጨት አይደለም፣ ክር ቢወጠርበት ይጨማደዳል። ውርደቱንስ እሺ፣ ሳጥኑ እንኳ ቢረባ!

ለሽማግሌው ስነግረው ሳቀና በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ሄድን። ያው ቤት፣ ያው ሻጭ። ሽማግሌው የለበሰው ቱታ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ቀለም ተረጭቶበታል፣ ሙጫ ደርቆበታል፤ በልብስማ እኔ ሙሽራ ነበርኩ። ሻጩ እሱን ሲያይ ከጓዳ የእንጨት ሳጥን በሳጥን ላይ ከምሮ አመጣ። ሴዳር ከሚባለው እንጨት የሆነው፣ በነሐስ ማጠፊያ የተሠራው፣ ክዳኑ ላይ ሥዕል ያለበት። «የትኛው የተሻለ ድምፅ ይሰጥሃል?» እያለ በጣቱ እያንኳኳ ያስመርጠው ጀመር። የተቀደደ ልብስ እሱ ላይ ሲሆን የእጅ ጥበብ፣ እኔ ላይ ሲሆን ሽንት ቤት። ይቺ ነገር እስከዛሬ ሌሊት ቀስቅሳ ታናግረኛለች። ኩራት ነው በሉኝ፣ አዎ ነው፤ የመንዝ ልጅ ከኩራቱ ሌላ ምን ይዞ ይሰደዳል?

አሠራሩን አላበዛውም፣ እጁ ላለው ሰው አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። አንገቱ ሳጥኑን ዘልቆ ያልፋል። የክራሩን በርኩማ ቦታ የሚይዘው ተራ ቡሎን ነው። ክሩ ከመደበኛ ጊታር ክር አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው ተወስዶ ሶል፣ ሬ፣ ሶል ይቃኛል። አምስተኛው ብቻ ዝቅ ይደረጋል፣ ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። ፍሬት፣ አንገቱ ላይ በአግድም የሚገባውን ድምፅ መክፈያ ብረት፣ አላስገባሁበትም፤ መስመር አሰመርኩና በጠርሙስ አንገት እያንሸራተትኩ ነው የምመታው። ለኛ ዜማ ይሄ ተመቸ፤ ማሲንቆ ላይ ጣት እየተንሸራተተ የሚያስለቅሰውን ነገር ፍሬት ይከለክላል።

አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ተራው ደረሰኝና «አንተ ደግሞ ብሉዝ ምታ» አሉኝ። ብሉዝ ምን አውቄ! የኛን የባቲ ቅኝት መታሁ፤ ባቲ ሁለት ዓይነት አለው፣ ትካዜ የሚበዛበትን ነው የመታሁት። አምስቱ ድምፆች ብሉዝ ከተገነባበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (እነሱ ቅኝት የሚሉት) ጋር አንድ ናቸው፤ አካሄዱና ማረፊያው ነው የሚለየው። ስጨርስ ያ ጣውላ በሰንሰለት የሚደበድበው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ የየት ነው? ከሚሲሲፒ ዴልታ በየት በኩል?» አለኝ፤ የብሉዝ መፍለቂያ የሚሉት አገር ነው። «ከጣርማ በር በላይ» አልኩት። ባቲ ወሎ መሆኑን አውቃለሁ፣ የወሎ ልጆች እንዳትቆጡ፣ ማን ሊያጣራ ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ «ማስተር» ይሉኛል። ቆርቆሮው የተረገጠበት ልጅ።

ለመምጣት የምታስቡት፣ ዲቪም ሞልታችሁ የምትጠብቁት፣ በሌላ መንገድም የምታሰሉት፣ ጥቂት ነገር ልበላችሁ። ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ግን ቶሎ ሥራ ይሆነኛል ብላችሁ አትቁጠሩበት፤ የኔው ሻንጣ ውስጥ ነው። ከመምጣታችሁ በፊት አንድ የእጅ ሙያ ያዙ። ደብረ ብርሃን ጣውላ ቤት ገብታችሁ፣ ለጥቂት ወራትም ቢሆን፣ መለካት፣ መቁረጥ፣ መላግ ተማሩ። ጓደኛ ምን ይለኛል አትበሉ። እዚህ ቧንቧ ሠራተኛው ከብዙ ቢሮ ገቢ የተሻለ ያገኛል፣ እጁን የሚያፍርበትም የለም። ሜትራችሁን ግን ተዉት፤ እዚህ ሁሉም በኢንች ነው፣ ያውም በስምንተኛና በአሥራ ስድስተኛ እየተከፈለ፣ የመጀመሪያ ሰሞን ራስ ያዞራል።

ክራር ወይም ማሲንቆ ይዤ እመጣለሁ የምትሉ፣ በደንብ ያልተለፋ ቆዳ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከምትጠየቁ በፊት ራሳችሁ ተናገሩ። ሥራ ልብስ ለብሳችሁ ሱቅ አትግቡ አልልም፣ ሌላ ልብስ የምትቀይሩበት ጊዜ የላችሁም። ሻጩ ሽንት ቤት የለም ካላችሁ ግን «ሳጥን ያለህ እንደሆነ አሳየኝ፣ እከፍላለሁ» በሉ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ። ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ አገር ቤት ያለው ሰው ዓይኑ ጫማችሁ ላይ እንደሚያርፍ እወቁ። ኒው ባላንስ አድርጋችሁ ሳጥን ብትይዙ ማንም አያዝንላችሁም ነበር፤ እኔ በነጠላ ጫማ ተነሥቼ ነው ጉድ የፈላው።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ። «ፋብሪካ የሠራው ጊታር ላክልኝ» ያልከኝ፣ አልልክም። ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ የሚቀበልም ሰው ይሰብረዋል። ክር ግን እልክልሃለሁ። ሳጥን አጣሁ እንዳትለኝ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮ የሚሠራ ራምኪ የሚባል ጊታር አለ፣ ከኛ የቆርቆሮ ክራር ብዙ አይርቅም። የምግብ ዘይቱ አሁን በፕላስቲክ ሆነ እንጂ የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ጋራዥ በር ላይ አታጣም። በሳሙና በደንብ እጠበው፣ አለበለዚያ ቤቱን ሁሉ ናፍታ ናፍታ ያሸትብሃል። አንገቱን ከደረቀ ወይራ ወይም ጽድ አድርገው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳታስገባ፣ ሲደርቅ ይጠማዘዝና ቅኝቱን ያበላሽብሃል። ከክሩ ግማሽ ላይ መስመር አስምር፣ የአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ቦታ እሱ ነው። የቀሩትን የክርህን ርዝመት ከጊታር ክር ጋር እኩል አድርገህ ጊታር ካለው ሰው ለክተህ ገልብጥ። ለትዝታ ቅኝት ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ሰባተኛውና ዘጠነኛው ይበቁሃል፣ ሌላውን መስመር ለጊዜው እርሳው።

ክሩ በጥምቀት ሰሞን ከሚመጣ ሰው ጋር ነው የሚላከው። ቦሌ ሄዶ የሚቀበል ካሁኑ ፈልግ፣ ለእማዬም ትንባሆው ሐሰት መሆኑን አንተው ሂድና ንገርልኝ።