ጳጉሜን 3 ጠዋት፣ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ዘንድሮ መልካም ምኞቴን ከአንድ ጠዋት ወሬ ጋር ልላክላችሁ።

ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት ነበር። አራት የድሮ የክፍል ጓደኛሞች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ በር ተገናኘን። አንዷ ከ14 ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን የመጣች ናት። «ከተማዬን በእግሬ ልያት» ብላ ነው ሁላችንንም ከአልጋ ያስነሳችን።

ተሳልመን ወደ ምኒልክ ሐውልት ሄድን። በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ቦታው ተመለሰ። ጓደኛችን እሱን ስታይ ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ዓይኗ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። ተማሪ ሆነን አንድ ማኪያቶ ለሁለት የምንካፈልባት ቤት የለችም። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰዋል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተሠርቷል። ሙዚየሙን እወደዋለሁ፤ ሲያንሰን ነው። ያቺ ቤት ግን እስካሁን ሆዴን ታባባዋለች።

አራት ኪሎ ፎቶ ተነስተን አለፍን። አምስት ኪሎ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ጠበል ነውና ጃንጥላ የዘረጋ አልነበረም።

ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታቱ ሐውልት ሥር ቆምን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ ለሦስት ቀን የአዲስ አበባ ሰው ታረደ፣ ከነቤቱ ተቃጠለ። ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን የወደቁ ሰዎች ዝናቡ ያጥባቸዋል። ከመካከላችን ዝምተኛዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አያቴ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች» አለች። «አንዲት ጎረቤት ጎተራ ውስጥ ደብቃ አተረፈቻት። እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ የካቲት 12 ለዚያች ሴትዮ ነፍስ ዳቦ ትጋግር ነበር።»

ያንን ዳቦ በልተነዋል! እነሱ ቤት፣ ዩኒፎርማችንን እንደለበስን፣ ስንት ጊዜ። ለምን እንደተጋገረ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

ካፌ ገብተን ልብሳችን እስኪደርቅ ስለ አያትየው ጠየቅናት። እሷም አወራችን፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ስንወጣ በሩ ላይ አንዲት ልጅ ዓደይ አበባ ይዛ ቆማለች። አራት እስር ገዛን።

ይህን የምጽፈው በዋዜማው ነው። ነገ እሷ ቤት ነን። ዳቦውን በኮባ፣ ልክ እንደ አያቷ ልትጋግርልን ቃል ገብታለች። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።

መልካም አዲስ ዓመት!