የቆዩ የአማርኛ ፋይሎችን በሴድ ያረምሁበት መንገድ

የአንድ መጽሔት የቆዩ እትሞች በብዙ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ተከፋፍለው እጄ ገቡ። የተየቧቸው ሰዎች ብዙ ስለነበሩ አጻጻፉም እንደየእጃቸው ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ ሌላው የአማርኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ይመታል፤ ሦስተኛው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ይጫናል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የማይገናኙ ምልክቶች ስለሆኑ፣ አራት ነጥብን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጽሑፍ አያገኘውም።

ሥራውን ለሴድ ሰጠሁት። ሴድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቤል ላብስ የተሠራ፣ ዩኒክስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የተዘጋጀ መሣሪያ ሲሆን፣ ፋይልን መስመር በመስመር እያነበበ ይተካል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ኤስ፣ እዝባር፣ የሚፈለገው፣ እዝባር፣ የሚተካው፣ እዝባር፣ ጂ። የመጨረሻዋ ጂ ከተተወች ከየመስመሩ የመጀመሪያው ብቻ ይተካል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ጥንድ ሁለት ነጥቦችን ወደ አራት ነጥብ ለወጥሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በቃላት መካከል የቀረውን ነጠላ ሁለት ነጥብ በክፍት ቦታ ተካሁ። ቢገለበጥ ኖሮ ጥንዶቹም ወደ ክፍት ቦታ ተለውጠው የዐረፍተ ነገር ወሰን በሙሉ ይጠፋ ነበር። ነጠላው ሁለት ነጥብ ደግሞ በሰዓትና በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ውስጥ ይገኛል፤ 3፡30 ወይም ማቴዎስ 5፡3 እንደሚባለው። ስለዚህ ከግራም ከቀኝም ቁጥር ያለበትን እንዳይነካ፣ በማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ ‹ከቁጥር በቀር› የሚል ሁኔታ ጨመርሁ።

የማዕዘን ቅንፍን የሚጠቀም ሁሉ የኮምፒውተሩን የቋንቋ ቅንብር አስቀድሞ ይመልከት። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት (ትንሽ የማከማቻ ክፍል) ይይዛል። ቅንብሩ ‹ሲ› በሚባለው ላይ ከሆነ ሴድ ፊደል አያውቅም፤ ባይት በባይት ይቆርጣል፤ በቅንፍ ውስጥ የተጻፈ ሐ ተሰነጣጥቆ ሌሎች ፊደላትን ይበላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዲት ሀ ወደ ሴድ ልኬ ማንኛውም ፊደል በሰረዝ እንዲተካ አዘዝሁት። አንድ ሰረዝ ከመለሰ ደኅና ነው፤ ሦስት ከመለሰ ቅንብሩ ይስተካከል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የቃል መተካት ነው። ‹ኮምፒዩተር›ን ወደ ‹ኮምፒውተር› መለወጥ ነበረብኝ። ሙሉውን ቃል ብፈልግ ‹ኮምፒዩተሮች›፣ ‹ኮምፒዩተሩ› እና ‹ኮምፒዩተራችን› ያመልጣሉ፤ በእነርሱ ውስጥ ር የለችምና። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ቅጥያ በመጣ ቁጥር የመጨረሻው ፊደል ቅርጹን ይለውጣል። የቃል ወሰን የሚያመለክተው ምልክትም አይረዳም፤ ‹በኮምፒዩተር› እና ‹የኮምፒዩተር› ከፊታቸው ፊደል አለ። መፍትሔው የሚለያየውን ክፍል ብቻ መፈለግ ነው፦ ‹ኮምፒዩ› ይፈለጋል፣ ‹ኮምፒው› ይተካል፤ ቀሪው እንዳለ ይቀመጣል።

ከመተካቴ በፊት ያንኑ ፍለጋ በግሬፕ፣ የሚፈለገውን የያዙ መስመሮችን በሚያወጣው መሣሪያ፣ አስኬድና የሚያወጣቸውን መስመሮች አነባለሁ። ፋይሉ ላይ በቀጥታ የሚጽፈውን የ‹አይ› አማራጭ ስጠቀም ደግሞ ክፍት ቦታ ሳልተው ‹ነጥብ ባክ› (.bak) እቀጥልበታለሁ፤ የቀድሞው ቅጂ በዚያ ስም ይቀመጣል። ይህ አጻጻፍ በሊኑክስም በማክም ይሠራል። በማክ አማራጩ ብቻውን ከቆመ ቀጥሎ የመጣውን የቅጂ ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል።

ለሴድ ያልሰጠሁት ነገር አለ። የመጽሔቱ ደንብ ‹ካሣ› በ‹ካሳ› እንዲጻፍ ይላል፤ ነገር ግን ትእዛዙ ‹ካሣሁን› የሚባለውንም ሰው ይነካዋል። ሰው ስሙን የሚጽፈው እንደ ወላጆቹ ወይም እንደ ምርጫው ነው፤ ጽሑፍ አስተካካይ አይነካበትም። ‹ኃይሌ› እና ‹ሀይሌ›ም እንደዚሁ። እነዚህን የያዙ መስመሮች ከነፋይላቸው ስምና ከነመስመር ቁጥራቸው በግሬፕ አውጥቼ ለአዘጋጆቹ ሰጠኋቸው፤ የትኛው የሰው ስም እንደሆነ ለይተው በእጃቸው አረሙ።