የግራንድ ፒያኖ ቁልፎች ከፍና ዝቅ ሲሉ፦ ደሴ ላይ ምክንያቱን እንዴት እንደለየሁ

ደሴ የሚገኝ አንድ ግራንድ ፒያኖ መሐል ላይ ያሉት ነጭ ቁልፎቹ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብለው ነበር። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያው ወረቀት ቆርጦ ከቁልፉ ሥር መወተፍ ይጀምራል። ወረቀቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። እኔ በቅድሚያ የማየው የከፍና ዝቁን መልክ ነው፦ አንድ ቁልፍ ብቻውን ከወጣ ወይም ከወረደ ጥፋቱ እዚያው ሥሩ አለ፤ ተከታታይ ቁልፎች አንድ ላይ ካዘቀዘቁ ግን ቁልፎቹን የተሸከመው የጣውላ ፍሬም አላረፈም ወይም ተጣሟል። ያኔ በየቁልፉ መልፋት ትርፉ ድካም ነው።

ዝቅ ያለውን ቁልፍ ጫፉን በጣት ቀስ አድርጌ አነሳሁት። ሲለቁት ተመልሶ ከወረደ ችግሩ የከፍታ ነው። ተነሥቶ እዚያው ከቀረ ግን ቁልፉ በቦታው የሚይዘው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ፒኑ ላይ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ይህ ብርቅ አይደለም፣ እንጨቱም በፒኑ ዙሪያ ያለው ጨርቅም እርጥበት ጠጥተው ያብጣሉ። ሞቅ ካለው ኮምቦልቻ በክረምት ወደ ደሴ የወጣ ፒያኖም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቁልፍ ከፍታውን መነካካት አያስፈልግም፤ ጨርቁን በጥቂቱ ማላላት ይበቃል።

ከዚያ መክደኛውን፣ በሁለቱ ዳር ያሉትን የእንጨት ብሎኮችና ከፊት ያለውን ቀጭን ጣውላ በካቻቢቴ ፈታሁ። ፍሬሙ ሲሳብ አንድም ቁልፍ መነካት የለበትም፤ ከተነካ ክሩን (የፒያኖውን ሽቦ) የሚመታው መዶሻ ብድግ ብሎ ከላይ ካለው ጣውላ ጋር ይያያዝና ዘንጉ ይሰበራል። ጣት ሳያርፍበት፣ ሁለቱን ዳር ይዞ በእኩል መሳብ ነው።

ፍሬሙን ከመሳቤ በፊት ግን የፊት ጠርዙን በጣት አንጓ አንኳኳሁ። ድፍን ድምፅ ሲሰጥ አርፏል፤ ጠቅ ጠቅ ካለ ሥሩ ክፍተት አለ። ብዙ ጊዜ መንሥኤው አቧራ፣ ሳንቲም ወይም የወደቀ እስክሪብቶ ነው። ፍሬሙ የሚገባበትን ወለል በብሩሽ አጽድቼ መልሼ ካንኳኳሁ በኋላ ነው ወደ ቁልፎቹ የሄድኩት።

ቁልፎቹ ከ1 እስከ 88 ቁጥር ከሌላቸው ከመነሣታቸው በፊት ይጻፍባቸው። ሲነሡ ታሪኩ ይገለጣል። ከኋላ ጫፋቸው ሥር ያለው የሱፍ ጨርቅ ብል በልቶት ከሆነ የቁልፉ ጅራት ይሰምጥና ፊቱ ይነሣል። መሐል፣ ቁልፉ የሚወዛወዝበት ፒን ላይ ያለው ክብ ፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ከተጫነ ወይም ከተበላ ደግሞ ፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁልፍ ካየሁ ከኋላ፣ ዝቅ ያለ ካየሁ ከመሐል እጀምራለሁ። የኋላውን ጨርቅ ለመተካት ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ የሱፍ ካፖርት ጨርቅ ይሻላል። ባና አልመክርም፤ ሱፍነቱ ደግ ቢሆንም ውፍረቱ አንድ ወጥ አይደለም።

ልኬቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መዶሻዎቹን የያዘው ክፍል ከተነሣ የቁልፉ ጅራት ላይ የሚጫነው ክብደት ይጠፋል፤ ፊታቸው ላይ የእርሳስ ብረት የተከተተባቸው ቁልፎች ወደፊት ይዘነበላሉ፣ ማስመሪያውም ይዋሻል። ስለዚህ ወይ ክፍሉን ሳያነሡ መለካት፣ ወይ ጅራታቸው ላይ እኩል ክብደት መጫን ነው። የሁለቱን ዳር ቁልፎች መለኪያ አድርጌ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ስታጃ ዘረጋሁና ክፍተቱን ለካሁ።

ወረቀት የገባው አሁን ነው። ተራው 80 ግራም የቢሮ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ፒኑ ላይ ሲገባ ፊቱን በእጥፍ ገደማ፣ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ያነሣል። እንደ ሮንዴላ ክብ ተቆርጦ መሐሉ ይበሳል፤ ቦታው ከፌልቱ ሥር እንጂ ከላይ አይደለም፣ ከላይ ከሆነ ቁልፉ ይንኳኳል። ጥቁሮቹ ከነጮቹ በላይ 12 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲቆሙ አደረግሁ።

ከፍታው ከተስተካከለ በኋላ የሚወርዱበት ጥልቀት ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠበቃል፤ ይህ የሚስተካከለው ከፊት ፒን ሥር ባለው ወረቀት ነው፣ እዚያ እጥፍ የለም፣ 0.1 ያው 0.1 ነው። ቁልፍ ሲነሣ መዶሻውም አብሮ ስለሚነሣ ከክሩ ያለውን ርቀት እንደገና አየሁ፦ አብዛኛውን ጊዜ 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቁልፉ ቀስ ተብሎ ሲጫን ደግሞ መዶሻው ከክሩ 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ማምለጥ፣ ማለትም ከቁልፉ ግፊት መላቀቅ አለበት።