ፊሽካውን የነፋው ራሱ ይቀይር
ዛሬ ሦስት ዳኞች ሆነን ባጫወትነው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የተፈጠረች አንዲት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አራተኛው ኳርተር ሊያልቅ ነው፣ ነጥቡ ተቀራርቧል፣ ኳሷ ከመስመር ወጣች። ከቅርጫቱ ስር የነበረው ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ኳሷን ነጭ ማሊያ ለለበሱት ሰጠ። እሱን ግን ተጫዋቾች ከልለውት ነበር። ከኋላ የቆመው ባልደረባችን የነጩ ተጫዋች ጣት ኳሷን ሲነካት አጥርቶ አይቷል።

ያደረገው ነገር ነው ደስ ያለኝ። ሮጦ መጥቶ እጁን ወደ ሌላ አቅጣጫ አልዘረጋም። አጭር ፊሽካ ነፋ፣ ጠጋ ብሎ "መጨረሻ ላይ የነካት ነጩ ነው፣ አይቻለሁ" አለው። በቃ። ያኛውም ራሱ ለሰማያዊዎቹ ቀየረው።

በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ አንድ ዳኛ ሌላው በሥራ ድርሻው የወሰነውን የመሻር ሥልጣን የለውም። ያየውን መንገር ግን ይችላል። እኔ ይሄን ሕግ በጣም ነው የምወደው። ባልደረባን በተመልካች ፊት መሻር እኮ ለቀሪው ደቂቃ ፊሽካውን መቀማት ነው፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል? ዝም ማለት ደግሞ ተጫዋቾቹን መበደል ነው።

ፋውል ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ንክኪው ፊት ለፊቱ የሆነው ዳኛ አይቶ ካለፈው፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ "ይመስለኛል" ብዬ ባልደረባዬን ግራ አላጋባም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ከመግባታችን በፊት መጀመሪያ የምናወራው ይሄን ነው፦ ማን የቱን መስመር እንደሚያይ፣ ያየ ሰው በምን ምልክት እንደሚጠራ።