ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ

ዛሬ ድብርት ድብርት ብሎኛል። ምክንያት የለውም። ክረምቱ ይሆናል። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደምሠራ ታውቃላችሁ፤ የልቦለድ አጻጻፍ ኮርስ እፈልጋለሁ። ሌላው ሰው ጫማ ይገዛል።

ጓደኛዬ ቲ "ይሄ ላንቺ የተሠራ ነው" ብላ አንድ ኮርስ ላከችልኝ። በቀጥታ በኦንላይን የሚሰጥ ነው፤ በቺካጎ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። በኛ ሌሊት ዘጠኝ መሆኑ ነው። ክፍያው በዶላር ነው፤ እሱን እንኳ እንለፈው። ያስቆመኝ ቅጹ ነው። "ደረጃዎ፦ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ" ይላል።

እኔ የቱ ነኝ? መጀመሪያ መጻፍ ላይ ማንም አይደርስብኝም። መሐሉ ላይ እንደነገሩ ነኝ። መጨረሻ ግን ጽፌ አላውቅም። ለዚህ ዓይነት ሰው ሳጥን አላዘጋጁም።

የሚገርመው፣ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ምክር አላጣም። የወንድሜ ልጅ ባለፈው የትኛውን ኮርስ ልውሰድ ብሎ ሲጠይቀኝ እንደ ፕሮፌሰር ነው ያስረዳሁት። ገፀ ባህርይና ሴራ ምን እንደሆኑ ገና የምታጣራ ከሆነ ገንዘብህን አታውጣ አልኩት። የአሜሪካዊው የፋንታሲ ደራሲ የብራንደን ሳንደርሰን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። ችግሩ፣ ብታቋርጥ የሚታዘብህ የለም። ሰው ካልጎተጎተው የማይሠራ ዓይነት ከሆንክ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ረቂቅ አንብበው የሚተቹበት ዎርክሾፕ ግባ። ግን ከመመዝገብህ በፊት የአስተማሪውን ዝና ትተህ ስንት ገጽ እንደሚነበብልህና ስንት ገጽ እንደምታነብ ጠይቅ። አሥር የክፍል ጓደኞች ሃያ ሃያ ገጽ ካመጡ፣ አንተ ሃያ ገጽ ጽፈህ ሁለት መቶ ገጽ ልታነብ ነው። ሰው የሚያቋርጠው መጻፍ አቅቶት ብቻ አይደለም። የሌላውን ረቂቅ ማንበብ ይሰለቸዋል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሕይወትን የሚጠይቁ አሉ። ሳንዲያጎ ውስጥ የሚካሄደው ክላሪዮን የተባለ የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ዎርክሾፕ ስድስት ሳምንት ሥራ ያስጥላል። ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ዎርክሾፕ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። እዚያ የለመዱት ወግ አለ፤ ጽሑፍሽ ሲተች አንቺ ዝም ትያለሽ። "እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር" ብሎ ነገር የለም።

ይቺ ዝምታ ናት ቀኑን ሙሉ የያዘችኝ። እኛ ጋ ዝም የሚለው ተቺው ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ "ብዕርሽ ይለምልም" ይሉሻል። ትችቱ ማኪያቶ ላይ ይወጣል፣ አንቺ በሌለሽበት።

ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም እኮ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎጃም ዋሸራ ሄደው ቅኔ ተምረዋል። ቀን ላይ ጫካ ገብተው ቅኔ ይቆጥራሉ፣ ማለትም በሐሳባቸው ይደርሳሉ፤ ማታ የቆጠሩትን ለመምህሩ ይነግራሉ። መምህሩም ጓደኞቻቸው ፊት ያርማል። "ይሄ አይቀኝም" ካለ አለቀ። እርሳቸው ሲያወሩት ግን ስለ ቅኔው ብዙም አይሉም ነበር። የሚያወሩት ስለ ውሻ ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ሲለምኑ የሚያባርራቸው ውሻ። እና እኔ ቅጹ ላይ "በሳምንት ስንት ሰዓት መስጠት ይችላሉ?" የሚለውን አይቼ አሰብኩ። አያቴ ይሄን ጥያቄ ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር? ሰዓት የሚለው ነገር ራሱ አይገባቸውም። ጠባሳቸውን ያሳዩ ነበር መሰለኝ።

ደረጃ ደግሞ ነበራቸው፤ ያውም ግልጽ። በትንሹ የቅኔ ዓይነት፣ በጉባኤ ቃና ትጀምሪያለሽ፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ። ጀማሪ ነሽ ወይስ የላቅሽ ብሎ ቅጽ የሚያስሞላ የለም። ሁለቱን ሳትሞዪ ሦስተኛው አይሰጥሽም። ደግሞ ሁለት ቤትም ብትሆን ሙሉ ናት። ታልቃለች።

ይሄ ነው የሚያስቀናኝ። የኛ ኮርሶች በመጀመሪያው ቀን ልቦለድ ያስጀምሩሻል፤ እኔን ደግሞ ለማስጀመር ማንም ባይደክም ይሻላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ የሆነ፣ ግን ያለቀ ታሪክ የሚያስጽፍ ቢኖር ግን ሌሊት ዘጠኝም ቢሆን እነሣ ነበር። የልቦለድ ጉባኤ ቃና በሉት።

ለምን ራሴ አልሞክረውም ብዬ አሁን ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ግሩም ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛውን የሚያስተምር ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።