ለካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪ ከመመዝገባችሁ በፊት የልምምዱን ክፍል እዩ

ባሕር ዳር ላይ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር የቀደሙኝ ሁሉ የመከሩኝ ስለ መግቢያ ፈተናውና ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ነበር። ሁለቱም በትጋት ይታለፋሉ። ስለ ተግባር ልምምዱ ግን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወደተመደብኩበት ጤና ተቋም ስሄድ ለምክር አገልግሎት የተሰጠኝ ከካርድ ክፍሉ ጎን በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ነበር። ከመጋረጃው ማዶ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ወሬ ለእኛ ይሰማል፤ የእኛም ለእነርሱ እንደሚሰማ ግልጽ ነው።

ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ስለሚመዘን ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ባለፉት 2 ሳምንታት ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ጎረቤቷ ከመጋረጃው ማዶ የተቀመጠችባት እናት «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ምን ትመልሳለች? ወረቀቱ ላይ 0 ይጻፋል፤ ጭንቀቷን ግን ይዛው ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ለኃላፊው ሳመለክት «አንተ ተለማማጅ ነህ፤ የልምምድ ሰዓትህን ሞልተህ አስፈርም» አለኝ። የተመደበልኝ ተቆጣጣሪም አንድም የምክር ክፍለ ጊዜ ሳይከታተል የሰዓት መዝገቤን ፈረመ፤ ሰው የሚያክል ነገር በፊርማ ብቻ መታለፉ ዛሬም ያንገበግበኛል። በመጨረሻ የረዱኝ አንዲት ነርስ ናቸው። «ሲስተር፣ የክትባት ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ ቁልፉን ይፍቀዱልኝ» ብዬ ስለምናቸው ሰጡኝ። በሩ ሲዘጋ የሰዎቹ መልስ ተለወጠ። ጸበል ስለጀመሩ የታዘዘላቸውን ኪኒን ማቆማቸውን፣ እንዳልቆጣቸው ፈርተው ደብቀውኝ የነበሩ ተመካሪዎች የነገሩኝ እዚያ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አላልኳቸውም፤ ጸበሉን ሳይተዉ መድኃኒቱን እንዲቀጥሉ ከአእምሮ ሕክምና ባለሙያው ጋር አገናኘኋቸው። በትምህርቴ ሁሉ ከዚህ በላይ የምኮራበት ሥራ የለኝም።

የትምህርት ክፍሉ መመሪያ የልምምድ ቦታ የሚመደበው ኮርስ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው ይላል። እኔ ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ራሳችሁ ዞራችሁ ፈልጉ እላለሁ። የሚዘጋ በር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ተቆጣጣሪያችሁ በየሳምንቱ ስለ ተመካሪዎቻችሁ ቁጭ ብሎ የሚያወያያችሁ መሆኑን በቀጥታ ጠይቁት። ሁለቱ ካልተሟሉ ምረቃችሁ አንድ ሴሚስተር ቢዘገይም ሌላ ቦታ እስክታገኙ አትጀምሩ።