ጀርባ ለአንበሳ

እሑድ ማታ። መብራት የለም። ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው፤ ባትሪው 31 ከመቶ ነው። ካለቀ እንደተለመደው መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ይቅርታ ከወዲሁ።

ጠዋት ስነቃ ደብሮኝ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም፣ ምንም አልሆንኩም፣ ዝም ብሎ ብቻ ግድግዳው ቀረበኝ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል። ከላይ ልጅ ኳስ ያነጥራል፣ ከጎን ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ደረጃው ላይ ቡና ይወቀጣል፣ አንቺ መሃል ላይ ሳንድዊች ሆነሻል። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እስከ ሰኞ መልስ ስጪ የተባልኩበት። እና "ወጥቼ አየር ልቀበል፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ በደንብ ላስብበት" አልኩ። ጃኬት ያዝኩ። ልጆቹን ለባሌ ትቼ ወጣሁ። "የት ነው?" ሲለኝ "ላስብ" አልኩት። እንዳየኝ አስተያየት ከሆነ ከዚህ በፊት አስቤ የማውቅ አልመሰለውም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ለምን እንጦጦ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የመጣው ታክሲ ወደዚያ ስለነበር ነው። ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። መኪናው መታጠፊያ መታጠፊያውን እያቃሰተ ሲወጣ ብርዱም አብሮ ይጨምራል፤ ከዚያ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። ይሄ ሽታ ለኔ የጉንፋን ሽታ ነው። እማዬ ቅጠሉን አፍልታ በብርድ ልብስ ሸፍና ታጥነን ነበርና እንጦጦ በወጣሁ ቁጥር አፍንጫዬ የታፈነ ይመስለኛል።

መቼም ስለዚህ ቦታ ሳስብ አንድ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ይህች ከተማ ራሷ እኮ በሽርሽር የተቆረቆረች ናት። ቤተ መንግሥቱ እላይ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርድ፣ ንፋስ፣ ማገዶ የለም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ለመታጠብ ወደ ታች ወረዱ፣ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ "አዲስ አበባ" አሉት፤ በ1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ ሁሉም ተከትሎ ወረደ። ዛሬ ደግሞ እኛ ታች ያለነው በታክሲ እየተጋፋን ለመዝናናት ወደ ላይ እንወጣለን። እቴጌ ቢያዩን "ምን ረስታችሁ ነው?" ይሉን ነበር።

እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ከ2013 ጀምሮ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን ግን ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ወይ ልጆቹ አሉ፣ ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ አለ። ከውጭ ዘመድ ሲመጣ እኮ ዙሩ የታወቀ ነው። አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ፣ በቃ። አንድነት ላይ የዙፋኑን አዳራሽ አይተው ዝም ይላሉ። ያ ግቢ ድሮ በአጥሩ ሥር ስናልፍ እንኳን ድምፃችንን የምንቀንስበት ነበርና እውነት ለመናገር እኔም እስካሁን እዚያ ውስጥ ጮክ ብዬ አላወራም። ወዳጅነት ላይ ልጆቹ ውሃው ጋ ሄደው ይረጥባሉ፣ ማታ ውሃው ከሙዚቃና ከመብራት ጋር ሲጨፍር ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ቆንጆ ነው፤ አላማም። ግን ለማሰብ አይሆንም። ብሔረ ጽጌ ደግሞ ለኔ የሰርግ ቦታ ነው። እኔም ቪዲዮዬ ላይ አበባ መሃል ቀስ ብዬ እሮጣለሁ። ወዴት እንደምሮጥ እስካሁን አልገባኝም።

ለማንኛውም አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ፤ ከተማው ከታች ወለል ብሎ የሚታይበት። ቁጭ አልኩ። ስልኬን ቦርሳ ከተትኩ። "እሺ፣ አስቢ" አልኩ ለራሴ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። "እህቴ፣ አንድ ፎቶ ታነሺን?"

ብቻውን መናፈሻ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፎቶ አንሺ ነው። ይህን ዛሬ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ከሕፃን ጋር። እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እሱ ሕፃኑን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይይዛል። አነሳሁ። አየችው። "ውይ፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ እንደገና።" እንደገና አነሳሁ። "አሁን ደግሞ አንተ ጨፈንክ።" ሦስተኛው ላይ ሕፃኑ አለቀሰና በዚያው አለቀ። ከዚያ አራት ሴቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ። ከዚያ ሽማግሌ አባት ከሁለት ጎረምሶች ጋር፤ "ልጄ፣ ከተማው እንዲወጣ አድርጊ እሺ፣ ቤታችን እዚያ ጋ ነው" ብለው በጣታቸው ጭጋግ ውስጥ የሆነ ቦታ አሳዩኝ። "እሺ አባቴ፣ ይወጣል" አልኳቸው። አልወጣም፤ ጭጋግ ነው የወጣው።

አምስተኛው ቡድን ላይ ነው የታየኝ። ሁሉም ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ያን ሁሉ መንገድ ከተማውን ለማየት ይመጣሉ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ይሰጡትና እኔን ያያሉ። ከተማውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም በሰው ስልክ።

እና ይሄኔ አባቴ፣ ጋሼ፣ ትዝ አለኝ።

ያኔ አፍንጮ በር ነው ቤታችን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ጋሼ እኔንና ታናሽየውን ይዞን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይሄድ ነበር። በየሳምንቱ አይደለም፤ ደሞዝ ሰሞን። መንገድ ላይ ጫማውን ያስጠርጋል፤ እኛ ሊስትሮው ሳጥን አጠገብ ቆመን ብሩሹ ከእጅ ወደ እጅ ሲወረወር እናያለን። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ይገዛልናል፣ አንዳንድ ጥቅል። በር ላይ ገና ሳንገባ ሽታው ይቀበለናል። የአንበሳ ሽታ ከረሳችሁት እርጥብ ጆንያ ውስጥ የከረመ ሥጋ በሉት።

አንበሶቹ ጥቁር ጋማ ነበራቸው፤ እስከ ሆዳቸው የሚወርድ። ይተኛሉ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት እንደሚተኛ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ በኛ ሰዓት ያኮረፉ ይመስለኝ ነበር። ታናሽየው "ተነስ! ተነስ!" እያለ በብረቱ ውስጥ ይለማመጣቸዋል። ሲያገሱ ግን... ቤት ሆነን ማታ ማታ እንሰማቸው ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማ ፍርሃት አልነበረም፤ ሰፈራችን ጠባቂ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ግን አንበሶቹን አያይም። አንድም ቀን። አንድ የጥድ ዛፍ ነበር፤ ከሥሩ መቀመጫ አለ። እዚያ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ለአንበሶቹ ሰጥቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ጋዜጣ አያነብም። ሲጋራም አያጨስም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጥዱ ፍርፋሪ ባርኔጣው ላይ ይወርዳል፣ እኔ ስንሄድ እለቅምለታለሁ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ምን እያሰብክ ነው?" አልኩት።

"ምንም።"

አባቶች ሁሉ "ምንም" ነው የሚያስቡት መቼም። አሁን ልጄ ወጥ እየሠራሁ "እማ ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ "ምንም" እላታለሁ፤ ውስጤ ግን የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ያ የሰኞው ነገር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለአንዲት ሴት መመለስ የነበረብኝ መልስ፣ ሁሉም ተራ ይዟል። ስለዚህ የጋሼ "ምንም" ምን እንደነበር ማወቅ ፈለግሁ። እዚያ እንጦጦ ላይ፣ እንደዚያ ጥርት ባለ ቀን፣ ካለኝ ጉዳይ ሁሉ እሱ በለጠብኝ።

ብዙ ተፈላሰፍኩ። መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ አለቃ ፊት ሲቆም የሚውል ሰው ነበር፤ ምናልባት የታሰረ ነገር ማየት አይወድም አልኩ። ደግሞ ምናልባት እኛን ነው የሚያየው አልኩ፤ ግን እኛ ከኋላው ነበርን። ምናልባት አንበሳ ከኋላው እያለ ጀርባውን መስጠት የሚችልበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው፤ ሌላው ቦታ ላይ አጥር የለማ። ይሄኛው በጣም አማረኝ። እንባዬ ሁሉ መጣ። ስድስተኛው ቡድን መጥቶ "እህቴ..." ሲል ፊቴን አይቶ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ።

መናፈሻ የሚለው ቃል ራሱ እኮ ከነፋስ ነው። የምትነፍሺበት። ጋሼ እዚያ ሊነፍስ ይሄድ ነበር፤ እኛ ፓርክ ብለን ስሙን ስንቀይር የምናደርገውንም ቀየርነው መሰለኝ። አሁን ወይ እንራመዳለን፣ ወይ እንበላለን፣ ወይ እንነሳለን። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ ወይ ስልኩ ዘግቶበታል። (ይህን ስል እኔም ሥራ ፈትቼ ስለመቀመጥ አንድ ሺህ ቃል እየጻፍኩ መሆኔን አውቃለሁ።)

ስወርድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እማዬ ጋ ደወልኩ። ጫጫታው አያሰማም፣ እጮኻለሁ፣ ሰዉ ሁሉ ያየኛል።

"እማዬ! ጋሼ አንበሳ ግቢ ስንሄድ ለምንድነው ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጠው?"

"ምን?"

"ለአንበሶቹ! ጀርባውን!"

ዝም አለች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ የሚጠብቅ መሰለኝ።

"ፀሐዩ ነዋ" አለች። "ነፍሱን ይማረውና ዓይኑ ፀሐይ አይችልም ነበር። ለዚህ ነው የደወልሽው? ምሳ በላሽ?"

አልበላሁም አልኳት። ከዚያ ስለ ምሳ ስናወራ ሽሮ ሜዳ ደረስን።

ቤት ስገባ እሱ "እሺ፣ አሰብሽበት?" አለኝ። ምኑን? ብዬ ልጠይቀው ስል ነው የሰኞው ነገር ትዝ ያለኝ። ይኸው አሁን ማታ 4 ሰዓት ሆኗል፣ ነገ ጠዋት መልስ ይጠበቅብኛል፣ ባትሪው 9 ደርሷል፣ እኔ ግን አሁንም አንበሳ ግቢ ነኝ።

ምክንያቱም እኮ ጥድ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ፍርፋሪውን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ጥድ ሥር የምን ፀሐይ ነው?